አዳማ፦ ቡችላ ከመግባቱ በፊት ከግቢ የሚነቀለው የትኛው ተክል ነው?

የቦኩ ሰፈር፦
ሰላም ወገኖች። የ3 ወር ቡችላ፣ ክብደቱ 6 ኪሎ ገደማ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግቢያችን ይገባል። ያገኘውን ሁሉ የሚያኝክበት ዕድሜ ነው። ግቢው አዳማ ነው። አጥሩ ቅንጭብ፣ በሩ አጠገብ ሮዝ አበባ ያለው ኦሊያንደር፣ ከጓሮ ራሱን የዘራ ጉሎ፣ በረንዳ ላይ በበርሜል የተተከለ ሳይካስ (ዘንባባ የሚመስለው)፣ ጥግ ላይ የወፍ ቆሎና አንድ ኒም አለ። ሁሉንም ነቅሎ በዚህ ፀሐይና አቧራ ባዶ አፈር ላይ መቀመጥ አይታሰብም። የግድ የሚነቀለው የትኛው ነው? ቢበላስ መጀመሪያ ምን ይደረግ?

ጓሮ አትክልት፦
ጉሎ፣ ሳይካስ፣ ኦሊያንደር። የሚገድሉት እነዚህ ስለሆኑ ጊዜህን እነሱ ላይ አጥፋ።

ከጉሎ ጀምር። መርዙ በብዛት ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ሳይታኘክ የተዋጠ እንዳለ ሊወጣ ይችላል፤ ቡችላ ግን ያኝካል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግንዱን ቆርጦ ጥሎ ጨረስኩ ሲል ነው። ዘለላው ከደረቀ ፍሬው እየፈነዳ ራቅ ብሎ ይበተናል። ስለዚህ መጀመሪያ ዘለላውን አረንጓዴ ሳለ ቁረጥና ከረጢት ውስጥ እሰር፤ ግንዱን ከነሥሩ የምትነቅለው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ የወደቀውን ጓንት አድርገህ በእጅ ልቀም፤ ዝንጉርጉር ነው፣ ደም የጠገበ መዥገር ይመስላል። ክረምት ሲገባ የቀረው ይበቅላል፣ ሐምሌና ነሐሴን በየሳምንቱ እየዞርክ ንቀል። ፋጉሎውንም ለማዳበሪያ ብለህ እንዳታስገባ፦ ዘይቱ ሲጨመቅ መርዙ የሚቀረው ፋጉሎው ላይ ነው፣ ውሻ ደግሞ ቆፍሮ ይበላዋል።

ሳይካስ ሁለመናው መርዝ ነው፣ የከፋው ግን ሴቷ አናቷ ላይ የምታወጣው ብርቱካናማ ፍሬ ነው። 1 ወይም 2 ፍሬ ውሻ ሊገድል ይችላል። በበርሜል ከሆነማ ምን ያከራክራል፣ ውሻ ለሌለው ሰው ስጥ።

ኦሊያንደር እርጥቡ ስለሚመር ውሻ አፉ ውስጥ ቢያስገባውም አብዛኛውን ጊዜ ይተፋዋል። አደጋው የሚብሰው ከርክመህ ጭራሮውን መሬት ላይ ስትተወው ነው፤ ሲደርቅ ምሬቱ ይቀንሳል፣ መርዙ ግን አይለቅም። ቡችላ ደግሞ እንጨት ይወዳል። የከረከምከውን በዚያው ቀን አውጣ። ማገዶ አታድርገው፣ ጭሱም መርዝ ነው። በሩ አጠገብ ከሆነ ይነቀል ባይ ነኝ።

ቅንጭቡ ይቆይ። ወተቱ አፍ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ከባድ ነው፤ ስትከረክም መነጽር አድርግ፣ ቡችላውንም እሰር። የውሻው ዓይን ከተነካ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እጠብና ሐኪም ይየው። የወፍ ቆሎውን አረንጓዴ ፍሬ ሳይዝ ከርክመው፣ ይበቃዋል።

መንደር 12፦
ምንም ቢበላ ወተት አጠጡት፣ መርዝ ይሰብራል።

የእንስሳት ሐኪም፦
ወንድሜ፣ ወተት የእነዚህን መርዝ አይሰብርም። የቅንጭብ ወተት አፉን ካቃጠለው ጥቂት ያበርድለታል፣ ከዚያ አያልፍም። ዘይት ደግሞ በግድ ሲጋት ሳንባ ይገባል። ጨው በጥብጦ ማስመለስም ራሱን የቻለ መርዝ ነው። የቡና ከሰል ፈጭታችሁ የምትሰጡም አላችሁ፤ መርዝ የሚይዘው ተብሎ የተዘጋጀው የመድኃኒት ከሰል ነው፣ መጠኑ በኪሎ ከ1 እስከ 2 ግራም ነው፣ ለዚህ ቡችላ ከ6 እስከ 12 ግራም ማለት ነው። የሚሰጠውም ሲነቃ፣ መዋጥ ሲችልና ትውከቱ ሲቆም ነው።

ማስመለስ የሚጠቅመው ከተበላ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ውሻው ነቅቶ ከቆመ ብቻ ነው። ሐኪም በስልክ ከፈቀደ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በኪሎ 2 ሚሊ፣ ለ6 ኪሎ 12 ሚሊ፤ ትልቅ ውሻም ቢሆን ከ45 አይለፍ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ፐርሰንት አንብቡ፣ ከ3 በላይ ከሆነ ጨጓራ ያቆስላል። ለቅንጭብ ወተት በጭራሽ፣ ሲመለስ ጉሮሮውን ደግሞ ያቃጥለዋል።

ሰዓቱን ጻፉ። ኦሊያንደር በጥቂት ሰዓታት ያስመልሳል፣ ያዝላል፣ የልብ ምት ይዘበራርቃል። ጉሎ ግን ያታልላል፤ ምልክቱ ከ6 ሰዓት እስከ 2 ቀን ሊዘገይ ይችላል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ስታዩ ረፍዷል። ሳይካስ አስመልሶ የተሻለው ይመስልና በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ጉበቱ ይደክማል፣ ድዱና የዓይኑ ነጭ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ሲያኝክ ካያችሁት ምልክት አትጠብቁ። ቅጠሉን ወይም ፍሬውን በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። ከአዳማ ቢሾፍቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ አለ።

የቦኩ ሰፈር፦
ተባረኩ። ኒሙን ግን አላነሳችሁትም?

ጓሮ አትክልት፦
ኒም የምንለው ሁለት ዛፍ ስለሆነ ቅጠሉን አይተህ ንገረኝ ልል ነበር። አንዱ ቅጠሉ ከአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ብቻ የሚወጣ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ፣ አበባው ነጭ ነው፤ እሱን ተወው። ሌላው ዘንጉ ራሱ እንደገና ቅርንጫፍ የሚያወጣ፣ አበባው ሐምራዊ፣ ቅጠሉ ረግፎም ቢጫ ፍሬው ተንጠልጥሎ የሚቀር ነው። የዚህኛው ፍሬ ውሻን ያስመልሳል፣ ያንገዳግዳል፣ ሲበዛ ያንፈራግጣል። ያንተ ይሄ ከሆነ ፍሬው በሚረግፍበት ሰሞን ጠዋት ጠዋት ሥሩን ጥረግ፣ ወይም እስከሚያልቅ ዙሪያውን በሽቦ እጠር።