ሩት ቢር ከልጄ ጋር ልሥራ ብዬ ጋዝ አልይዝ አለኝ

የሜሪላንዷ እናት (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ10 ዓመት ልጄ ትምህርት ሲዘጋ «ማሚ፣ ሩት ቢር ራሳችን እንሥራ» ብሎ ያዘኝ። ለማታውቁት፣ የአሜሪካኖች ጥቁር ለስላሳ ነው፤ ስሙ ነው እንጂ ቢራ አይደለም። (መጀመሪያ ስቀምሰው የጥርስ ሳሙና የጠጣሁ ነው የመሰለኝ።) ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 1 ኩባያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾና 1 የሾርባ ማንኪያ ከሱቅ የተገዛ የሩት ቢር ኤክስትራክት (ጣዕሙን የሚሰጠው ወፍራም ፈሳሽ) አድርገን በውሃ ሞላነው። ስኳሩ ቶሎ እንዲሟሟ ውሃውን አፍልቼ፣ ትንሽ በረድ ሲል ነው የጨመርኩት። ይኸው 3 ቀን ሆነው፣ ምንም ጋዝ የለም። ልጁ በየሰዓቱ ጠርሙሱን ይጫናል። ምን አጠፋሁ? አልኮልስ ይኖረዋል?

ጠላ ጠማቂ፦ ውሃው እጅ ያቃጥል ነበር?

የሜሪላንዷ እናት፦ አዎ፣ ትንሽ።

ጠላ ጠማቂ፦ በቃ፣ እርሾውን ቀቅለሽዋል እህቴ። ውሃው ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት ለብ ያለ ይሁን። መጀመሪያ እርሾውን ለብ ባለ ውሃና በቁንጥር ስኳር በጥብጠሽ 10 ደቂቃ ጠብቂ። አረፋ ካወጣ በሕይወት አለ። አሁን ያለው ላይ አዲስ እርሾ ጨምሪበት፣ ይነሳል።

ነርሷ፦ እኔ በዚህ አልስማማም። 3 ቀን ውጭ የቆየ የስኳር ውሃ ለልጅ አልሰጥም። ድፊውና እንደ አዲስ ጀምሪ፤ የስኳር ዋጋ ነው።

የቨርጂኒያው፦ ጠርሙሱ ፕላስቲክ ነው አይደል? እኔ አምና «ያምራል» ብዬ በብርጭቆ ጠርሙስ አደረግኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጓዳ ውስጥ ፈነዳ። ባለቤቴ ሌባ ገባ ብላ ቀሰቀሰችኝ። ስብርባሪውን እስከ ፋሲካ ስንለቅም ነበር። ፕላስቲክ ሲሆን ግን በእጅሽ ታውቂዋለሽ። ከላይ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተዪለት። ተወጥሮ እንዳልተከፈተ ኮካ ሲሆን ወዲያው ፍሪጅ አስገቢው። አንድ ሌሊት ይደር፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ክፈቺ። ፍሪጅም እርሾውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ በሳምንት ውስጥ ጨርሱት።

የሳይንስ መምህሩ፦ ልጁ መማር ከፈለገ ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ አዘጋጁ። ሁለቱም ውስጥ ለብ ያለ ውሃና እርሾ፣ አንዱ ውስጥ ብቻ ስኳር። አፋቸው ላይ ፊኛ አጥልቁ። ስኳር ያለው ፊኛ ይነፋል። እርሾው ስኳሩን በልቶ ካርቦንዳይኦክሳይድና ትንሽ አልኮል ያወጣል። ጠላም ሲፈላ ይኸው ነው፤ ጋኑ ስላልታሸገ ጋዙ ያመልጣል። እዚህ ክዳን ስላለ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። አልኮሉ በጊዜ ፍሪጅ ከገባ ግማሽ ፐርሰንት ገደማ ነው። ሙቀት ላይ ከቆየ ይጨምራል።

አንድ ነገር፦ ሳሳፍራስ የሚባለውን ሥር ከጫካ ነቅላችሁ እንዳትቀቅሉ። የድሮው ሩት ቢር ጣዕም የመጣው ከእሱ ነበር። ውስጡ ያለው ሳፍሮል በእንስሳት ላይ ካንሰር ሲያመጣ ስለታየ አሜሪካ በ1960 እ.ኤ.አ. ከምግብ አግዳዋለች። ለታሪክ ያህል፣ መጠጡን በሰፊው ያስተዋወቀው ቻርልስ ሃይርስ የተባለ የፊላዴልፊያ ፋርማሲስት ነው፣ በ1876ቱ (እ.ኤ.አ.) የፊላዴልፊያ ኤግዚቢሽን ላይ።

የወሎዋ፦ እኛ ቤት አልኮል በጠብታም አይገባም። እኔ ስኳሩን በውሃ አፍልቼ ሽሮፕ አደርገዋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ ኤክስትራክቱን፣ ከዚያ አምቦ ውሃ የመሰለ የሱቅ ጋዝ ውሃ። እርሾም ፍንዳታም የለም። ኤክስትራክቱ ራሱ አንዳንዴ በአልኮል ስለሚዘጋጅ ጽሑፉን አንብቢ።

የሜሪላንዷ እናት፦ ነርሷን ሰምቼ ደፋሁት። አዲሱ በሁለተኛው ቀን ማታ ድንጋይ ሆነ! ፊኛውም ተነፋ፤ ልጄ ዓይን አወጣለት፣ ስም አወጣለት፣ አሁን መስኮቱ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ከፈትነው። እሱ ሁለት ብርጭቆ ጨለጠ። ለእኔ አሁንም የጥርስ ሳሙና ነው፤ ቫኒላ አይስክሬም ሲጨመርበት ግን ዝም ብዬ ጠጣሁት።