ከራብዶማዮላይሲስ በኋላ ወደ ስፖርት መመለስ

ጅማ ነን። ታናሽ ወንድሜ ከረጅም እረፍት በኋላ ጂም ገብቶ ስኳት (ቁጭ ብድግ) አበዛ። በማግስቱ ጭኑ አብጦ ደረጃ መውረድ አቃተው፤ ሽንቱም እንደ ወፍራም ሻይ ጠቆረ። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ውሰድ ያሉት ነበሩ። ደግነቱ አልወሰደም፤ ኩላሊት ላይ ሌላ ጫና ይሆን ነበር። ሆስፒታል ሲመረመር ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ኢንዛይም 38,000 ሆኖ ተገኘ፤ ራብዶማዮላይሲስ ተባለ፤ ጡንቻ ፈርሶ ይዘቱ ወደ ደም ሲገባና ኩላሊትን ሊጎዳ ሲችል ማለት ነው። አስተኝተው ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ሰጡት፤ ክሬያቲኒኑ (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) እና በደሙ ያለው ፖታሺየም ደህና ነበሩ።

አሁን ቤት ነው። ሽንቱ ጠርቷል፣ ውሃ በደንብ ይጠጣል፤ ሲኬው ግን ገና 1,400 ነው፣ ጭኑም ሲነካ ያመዋል። አሰልጣኙ "ላብ ያወጣዋል፣ ና" ይለዋል (እሱን ተዉት)። የጠየቅናቸው ሁለት ሐኪሞች ግን አልተስማሙም፦ አንዱ ከ1,000 በታች ይውረድ ሲል ሌላው የሽንቱ መጥራት ይበቃል አለ።

በዚህ ያለፋችሁ ወይም የሙያው ሰዎች፣ ቀላል እንቅስቃሴ ለመጀመር ሲኬው ስንት እስኪደርስ ይጠብቅ?