ቀዝቃዛ ካንዴላ ከቀየርኩ በኋላ ቡስት ላይ ይቆራርጣል፤ ነገ ጠዋት ሥራ አለኝ፣ እርዱኝ

የአውሮራው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። ዛሬ ከሰዓት አራቱንም ካንዴላ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ በሆኑት ቀየርኩ። ቀስ ብዬ ስነዳ ምንም አይለውም። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ረግጬ ቡስቱ (ተርቦው የሚገፋው የአየር ግፊት) 15 ፒኤስአይ ሲያልፍ ግን ድድድድ እያለ ይቆራርጣል፣ ቼክ ኢንጅኑም ብልጭ ድርግም ይላል። ካንዴላዎቹ አዲስ ናቸው፤ ካርቶናቸው ላይ ጋፑ (ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት) ተስተካክሎ የመጣ ነው ይላል። ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሥራ መግባት አለብኝ። ምን ላድርግ?

ቡሶላ16፦
የምን መኪና ነው? የስንት ዓመት? ካንዴላው የትኛው ነው? ኮዱስ? ይህ ሳይታወቅ የሚሰጥህ መልስ ሁሉ ግምት ነው። ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ግን ግምት አያስፈልገውም፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ እየሄደ ነው፣ እዚያ ሲነድ ውስጡን ያቀልጠዋል። አሁኑኑ መርገጥህን አቁም።

የሳሪስ ልጅ፦
ካንዴላው በርዶት ነዋ፣ ጋቢ ደርብለት 😀 እግዜር ይርዳህ ወንድሜ።

ዱባይ ቦክሰር፦
ጋፑን አጥብበው። 0.7 ሚሊ ሜትር አድርገው፣ አለቀ።

የአውሮራው፦
ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ 2011፣ ስቴጅ 2 (ጉልበቱ በሁለተኛ ደረጃ የተጨመረ)። ተርቦው የፋብሪካው ነው፣ ዳውንፓይፕ (ከተርቦው የሚወጣው የጭስ ቱቦ) ተቀይሯል፣ ማፑ (የሞተሩ ኮምፒውተር ፕሮግራም) በአክሰስፖርት (ፕሮግራም መጫኛ መሣሪያ) ተጭኗል። 91 ኦክቴን ነው የምቀዳው፤ እዚህ ኮሎራዶ ከፍተኛው እሱ ነው። ካንዴላው ኤንጂኬ ኤልኤፍአር7ኤአይኤክስ። ኮዱ ፒ0304 (አራተኛው ሲሊንደር ይቆራርጣል ማለት ነው)። የቀየርኩበት ምክንያት ደግሞ ዳም (ኮምፒውተሩ ኖክ፣ ማለትም ድብልቁ በራሱ ሲፈነዳ፣ ሲሰማ የሚቀንሰው ቁጥር) ከ1.0 ወደ 0.87 ወርዶ ስላየሁ ነው። ኖክ እንዳይመታ ቀዝቃዛ ካንዴላ አስገባ ተባልኩ።

ጋሽ ቴስታታ፦
ልጆች፣ ከመነታረካችን በፊት ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ካንዴላ "ቀዝቃዛ" ሲባል ብልጭታው ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። ልዩነቱ ውስጥ ያለው የነጩ ሸክላ አፍንጫ ርዝመት ነው። አፍንጫው አጭር ሲሆን ሙቀቱ ቶሎ ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ በጥርሱና በሮንዴላው (ከሥሩ ባለው ቀለበት) በኩል ወደ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ)፣ ከዚያ ወደ ውሃው ያልፋል። ረጅም ሲሆን ጫፉ ላይ ይቆያል። ጫፉ ከ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከዋለ የተለጠፈበትን ጥላሸት ማቃጠል ያቅተዋል፤ ወደ 870 ካለፈ ደግሞ ራሱ ፍም ሆኖ ብልጭታው ሳይመጣ ያቀጣጥላል። አንድ ደረጃ ስትቀይር ጫፉ ላይ የሚመጣው ለውጥ ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ነው።

ቁጥሩ ሲጨምር ይቀዘቅዛል። የፋብሪካህ 6 ነው፣ የገዛኸው 7። ፊደሎቹንም እወቃቸው፤ ኤል ማለት የጥርሱ ርዝመት 26.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኤፍ ማለት 14 ሚሊ ሜትር ጥርስና በ16 ቡሶላ የሚፈታ ማለት ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ባለ 19 ሚሊ ሜትር ካንዴላ እዚህ ቴስታታ ላይ የሚያስገባ አለ። ብልጭታው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፣ ባዶ የቀረው የቴስታታ ጥርስም ካርቦን ይሞላና በኋላ ትክክለኛው አልገባ ይላል።

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። "ቁጥሩ ሲጨምር ይቀዘቅዛል" ለኤንጂኬና ለዴንሶ ትክክል ነው፤ የኤንጂኬ 6፣ 7፣ 8 ከዴንሶ 20፣ 22፣ 24 ጋር ይቀራረባሉ። ቦሽና ቻምፒዮን ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚቀዘቅዘው። ይህን አንብቦ ሄዶ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ቦሽ የሚገዛ ሰው ይበልጥ ሞቃት ካንዴላ ነው ተርቦ ሞተር ውስጥ የሚከተው።

ጋሽ ቴስታታ፦
ልክ ነሽ ልጄ፣ እሱን መዝለል አልነበረብኝም።

ሞጋች፦
እኔ ከጥያቄው ጋር ነው የማልስማማው። ይህ መኪና ቀዝቃዛ ካንዴላ ማን አስፈለገው አለው? የተለመደው መመሪያ ከ75 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት ስትጨምር አንድ ደረጃ ውረድ ነው የሚለው። በፋብሪካው ተርቦና በ91 ኦክቴን ያን ያህል አትጨምርም። ዋናው ደግሞ ኖክን በካንዴላ ማጥፋት አይቻልም። ኖክ ብልጭታው ካቀጣጠለ በኋላ ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ በግፊትና በሙቀት በራሱ ሲፈነዳ ነው። ቀዝቃዛ ካንዴላ የሚከላከለው ሌላ ነገር ነው፤ የጋለ ጫፍ ከብልጭታው በፊት እንዳያቀጣጥል። ዳም የወረደው በቤንዚኑ፣ በማፑ፣ በአየር ሙቀት ወይም በሊክ ነው። ካንዴላ ለውጠህ ዳም 1.0 እስኪመለስ መጠበቅ ትኩሳት ሲይዝህ ቴርሞሜትር እንደ መቀየር ነው።

የአውሮራው፦
እሺ፣ ግን አሁን እየቆራረጠ ያለውስ? በአሮጌዎቹ ካንዴላዎች አይቆራርጥም ነበር።

ዱባይ ቦክሰር፦
ጋፑ ነው ብያለሁ። ቡስት ሲጨምር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል፣ በታመቀ አየር ውስጥ ለመዝለል ብልጭታው ብዙ ቮልት ይፈልጋል፣ ኮይሉ (ለካንዴላው ቮልት የሚሰጠው) አልደርስ ሲለው ብልጭታው ይጠፋል። ያ ካንዴላ ከካርቶኑ በ0.8 አካባቢ ነው የሚወጣው። ወደ 0.7 አውርደው።

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋፑን ማጥበቡ ጥሩ ነው፣ ግን አራቱም ጋፓቸው እኩል ሆኖ ቁጥር 4 ብቻ ለምን ይቆራርጣል? ጋፕ ቢሆን ኮዱ ፒ0300 (ከአንድ ሲሊንደር በላይ) ወይም የተለያየ ቁጥር ይሆን ነበር። አንዱ ብቻ ከሆነ ወይ ኮይሉ፣ ወይ የኮይሉ ጎማ፣ ወይ ያ ካንዴላ ነው። ወንድሜ፣ ስትገጥም አራተኛው ላይ የተለየ ነገር አልነበረም? ስንት ላይ አጠበቅኸው?

ጋፑን ስታስተካክል ደግሞ በሳንቲም በሚመስለው ክብ መለኪያ እንዳትነካው። የኢሪዲየሙ መሃል ጫፍ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚወፍረው፣ ትንሽ ከተጫንከው ይሰበራል። ከላይ የጎበጠውን ብቻ በቀስታ አጉብጠህ በሽቦ መለኪያ ለካው።

የአውሮራው፦
ከኋላ በሹፌር በኩል ያለው (4 እሱ ነው አይደል?) ቦታ ስላልነበረው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ተጠቅሜ ነው፤ ሲጠብቅ ቡሶላው ትንሽ አዘንብሎ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮንዴላው ነው ብዬ አለፍኩት። አንቲሲዝ (ጥርሱ እንዳይጣበቅ የሚቀባ ቅባት) ቀብቻለሁ። ቶርክ 28 ላይ ነው ያጠበቅኩት፣ የሆነ ቦታ 28 ይላል።

ቡሶላ16፦
28 ምን? ኒውተን ሜትር ወይስ ፉት ፓውንድ?

የአውሮራው፦
ቶርክ ቁልፌ ፉት ፓውንድ ነው።

ቡሶላ16፦
በል ስማኝ። 28 ኒውተን ሜትር ማለት ወደ 21 ፉት ፓውንድ ነው። አንተ ያጠበቅኸው 28 ፉት ፓውንድ ነው፣ 38 ኒውተን ሜትር ማለት ነው። የሱባሩ የጥገና መመሪያ ለዚህ ሞተር የሚለው 21 ኒውተን ሜትር፣ ከ15 ፉት ፓውንድ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። እላዩ ላይ አንቲሲዝ ቀብተሃል፤ ቅባት ሲኖር ጥርሱ ስለሚንሸራተት ቁልፉ ከሚያሳይህ በላይ ይጠብቃል። የካንዴላው ጥርስ ከዝገት የሚከላከል ንጣፍ ስላለው ኤንጂኬ ራሱ አትቀቡ ነው የሚለው። ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የብረቱ አካል ይሳባል፣ ሸክላው ይላላል፣ ሙቀት የሚተላለፍበትም መንገድ ይበላሻል። ቀዝቃዛ ብለህ የገዛኸው ካንዴላ ጫፉ ይግላል።

ቀጭ ያለው ደግሞ እንደኔ ሮንዴላ አይደለም። ሮንዴላ ሲጨፈለቅ ድምፅ አያሰማም። ቡሶላው ሲያዘነብል ነጩን ሸክላ ጎኑን ይጫነዋል፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። በዝግታ ስትነዳ ብልጭታው በትክክለኛው ቦታ ይዘላል፤ ቡስት ሲመጣ ግን በጋፑ በኩል መዝለል ስለሚከብደው በስንጥቁ አድርጎ ወደ ብረቱ ይሾልካል። የነገርከን ምልክት በሙሉ ይሄው ነው።

ዱባይ ቦክሰር፦
ለማንኛውም ጋፑን 0.7 አድርገው።

የሳሪስ ልጅ፦
ጥያቄ ልሰርቅ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ለቪትዝም ቀዝቃዛ ካንዴላ ይሻላል ይሉኛል። እውነት ነው?

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አይደለም። ቪትዝ ተርቦ የለውም፣ በ2,300 ሜትር ከፍታ የሚስበው አየር ያንሳል፣ የሚያቃጥለውም ያንሳል። የትራፊክ መጨናነቁን ጨምርበት፤ ቀዝቃዛ ካንዴላ በጥቂት ሳምንት ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ጠዋት አልነሳ ይልሃል። በመኪናው መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግዛ። ካርቶኑንና በሸክላው ላይ ያለውን ጽሑፍ አስተያይ፤ የተጭበረበረ ኢሪዲየም ብዙ አለ፣ መሃል ጫፉ ወፍራም ከሆነ ተመሳስሎ የተሠራ ነው።

ቡሶላ16፦
የአውሮራው፣ ለዛሬ ማታ አሮጌዎቹን አልጣልካቸውም አይደል? ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይብረድ። የጋለ አሉሚኒየም ላይ ካንዴላ ከፈታህ ጥርሱ አብሮ ይወጣል። በሹፌር በኩል ባትሪውን አንሳ፣ በተሳፋሪ በኩል የአየር ማጣሪያውን ሳጥን። ያን ጊዜ ተጣጣፊ መገጣጠሚያው አያስፈልግህም፣ አጭር ማራዘሚያ ቀጥ ብሎ ይገባል። ቡሶላውን ከማራዘሚያው ጋር በፕላስተር ጠቅልለው፤ አለዚያ ካንዴላው ላይ ተሰክቶ ይቀርና ሌላ ሥራ ያመጣብሃል። ከመፍታትህ በፊት ጉድጓዱን በአየር ንፋ፣ አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ እንዳይገባ። ከመጠን በላይ ስለጠበቀ ሲፈታ ቢያንገራግር በኃይል አትጎትተው፤ ትንሽ ፈታ፣ መልሰህ ጠበቅ እያደረግህ አውጣው።

ያወጣኸውን ቁጥር 4 በመብራት እየው። ሸክላው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ ብልጭታው የሾለከበት መንገድ ነው፣ ጣለው። የኮይሉንም ጎማ ውስጡን ተመልከት፣ ያው መስመር እዚያም ታትሞ ከሆነ አዲሱን ካንዴላም ያበላሻል። ከብረቱ አጠገብ ያለ ቡናማ ቀለበት ግን አያስደንግጥህ፤ ጋዝ ሾልኮ አይደለም፣ ኤሌክትሪኩ የዘይት ብናኝ ስቦ የለጠፈው ነው።

አሮጌዎቹን ስትመልስ ጥርሱን ከአንቲሲዙ አጽዳ። የጎማ ቱቦ ቁራጭ ሸክላው ላይ ሰክተህ በጣትህ አስጀምራቸው፤ ጥርሱን ከሳተ ቱቦው ይንሸራተታል እንጂ ቴስታታውን አይበላም። ከዚያ 15 ፉት ፓውንድ። ቁልፉ ካልገባልህ፣ አንዴ ለተጨፈለቀ ሮንዴላ በእጅ ከጠበቀ በኋላ የሚበቃው ከ12 እስከ 1 ያለው የሰዓት እርምጃ ነው። ለአዲስ ከ12 ተነስቶ ከ6 እስከ 8።

ሞጋች፦
በዚህ እስማማለሁ። ሦስቱንም አዳዲሶች መልሰህ አትጠቀምባቸው፤ በ38 ኒውተን ሜትር የተሳበ ካንዴላ አይታመንም።

የአውሮራው፦
አሮጌዎቹ አሉ፣ 40,000 ማይል ሄደዋል። ባትሪውን እያወጣሁ ነው። ኮይሉንስ እንዴት ልለየው?

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
4 ላይ የነበረውን ኮይል 2 ላይ ግጠመው፣ የ2ን ወደ 4። ሁለቱም በሹፌር በኩል ናቸው፣ ሥራ አይጨምርብህም። ኮዱን አጥፍተህ ሞክር። ፒ0302 ከመጣ ኮይሉ ነው። ፒ0304 ላይ ከቆመ ኮይሉ ነፃ ነው። ጨርሶ ከጠፋ ካንዴላው ነበር።

በካንዴላም በኮይልም 4 ላይ ከቆየ ግን አትርገጠው፣ ኮምፕረሽንና ሊክዳውን (ሲሊንደሩ ግፊት መያዙን) አስለካ። ዳም ወርዷል ያልከውን አልረሳሁትም። በእነዚህ ኢጄ በሚባሉት የሱባሩ ሞተሮች ኖክ ሲደጋገም ፒስቶኑ ላይ ቀለበቱ የሚቀመጥበት ጠርዝ ይሰበራል፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከቁጥር 4 ነው። ሲለካ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የቤንዚን ፓምፑ ተቋርጦ፣ ስሮትሉ ሙሉ ተከፍቶ ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነ ንባቡ ከባሕር ጠለል አንድ ስድስተኛ ያህል ዝቅ ይላል፤ አንተ የምታየው በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከአሮጌዎቹም የ4ን ጫፍ እየው፤ ሸክላው ላይ እንደ በርበሬ የተነሰነሰ ጥቁር ወይም የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካለ ኖኩ አሉሚኒየም እያነሳ ነው።

ጋሽ ቴስታታ፦
ማፑን ለጻፈልህ ሰውም ሎግ (መኪናው የመዘገበውን ንባብ) ላክለት። ቀዝቃዛ ካንዴላ የማስገባቱን ሐሳብ ለኋላ አቆየው፤ ተርቦ ስትቀይር ወይ ጉልበቱ ሲጨምር ያስፈልግሃል። ያን ጊዜ አዲስ ግዛ፣ በ0.7 ጋፕ፣ ያለ አንቲሲዝ።

ዱባይ ቦክሰር፦
0.7 ስል ነበር እኮ።

ቡሶላ16፦
የአውሮራው፣ አወጣኸው? ቁጥር 4 ሸክላው ላይ መስመር አለው?

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሁለት ቀን ሆነ። ኮዱ ወደ 2 ሄደ ወይስ 4 ላይ ቀረ?