የአባቴ ኩላሊት ነገር አስጨንቆኛል፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለበት። የምንኖረው ደሴ ነው። ባለፈው ወር እግሩ አብጦ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) 5.2 ወጣ። "ኩላሊቱ ደክሟል፣ ወደ ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) እየሄደ ነው" አሉን። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም።

ለጉልበቱ ሕመም ለዓመታት ዳይክሎፌናክ ይወስድ ነበር። ኩላሊት እንደሚጎዳ ማንም አልነገረን። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። አሁን ትቶታል።

አዲስ አበባ የኩላሊት ስፔሻሊስት ዘንድ ቀጠሮ ያገኘነው ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። ዲያሊሲስ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለዲያሊሲስ ተብሎ ክንዱ ላይ በቀዶ ጥገና የሚሠራው የደም ሥር መገናኛ (ፊስቱላ) ደግሞ ለአገልግሎት ለመድረስ ሳምንታት ይፈልጋል። ታዲያ ይህን ራሴ ላንሳው ወይስ ሐኪሙ እስኪያነሳው ልጠብቅ? የትኞቹን የምርመራ ውጤቶች ይዤ ልሂድ?

ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ እንደጀመረ አውቃለሁ። ኩላሊቴን ልሰጠው ፈቃደኛ ነኝ። እሱ ግን "ልጄን በቢላ አላስነካም" ብሎ እምቢ አለ። በዚህ ያለፋችሁ፣ ወላጆቻችሁን እንዴት አሳመናችኋቸው?