በኑዛዜ የደረሰችኝ የ1887 የወርቅ ሳንቲም ፕሩፍ መሆኗን በምን ልወቅ?

ትርንጎ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬ አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብ ነው። አራት ዓመት የተንከባከብኳቸው ጡረተኛ መምህር ባለፈው ጥቅምት አረፉ። በኑዛዜያቸው አንዲት የወርቅ ሳንቲም ለእኔ እንድትሰጥ ጽፈው ኖሯል።

ሳንቲሟ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። በአንድ ፊቷ የላባ ዘውድ የደፋች ሴት አለች፤ በሌላው ፊቷ በጉንጉን መካከል "1 ዶላር 1887" ይላል። እንደ መስታወት ታበራለች። የተቀመጠችበት ትንሽ ፖስታ ላይ በእርሳስ "ፕሩፍ" ተብሎ ተጽፏል፤ ለገበያ ሳይሆን ተለይቶ በጥንቃቄ የተመታ ሳንቲም ማለት ነው። ወንድሜ በጥርስ ሳሙና እሸው ብትይ ይበልጥ ታበራለች ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ አሜሪካ ወርቅ ትወርሳለች ብላ አስፈራራችኝ። እውነት ነው?

ሌላም ነገር አለ። መምህሩ ማታ ማታ ከ1834 በፊት ስለተመቱት ፕሩፎች ሲያጫውቱኝ ድካማቸውን ይረሱ ነበር። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አንዷንም አላገኘሁም" ይሉኝ ነበር። እንደ እኔ በደመወዝ የሚኖር ሰው እነዚያን መሰብሰብ ይችላል?

ንዋይ
ወርቅ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ዛሬውኑ ለወርቅ ቤት መሸጥ ነው።

የአንጥረኛው ልጅ
ንዋይ፣ እባክህ እንዲህ አትምከራት። የሳንቲሟ ጠቅላላ ክብደት 1.67 ግራም ነው፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ወርቅ አንድ ግራም ተኩል ብቻ ነው። ወርቅ ቤት የሚከፍላት የዚያችን ዋጋ ነው። ሰብሳቢ የሚከፍለው ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል፣ ፕሩፍ ባትሆን እንኳን።

እኅቴ ትርንጎ፣ መምህሩን ነፍስ ይማር። ሳንቲሟን አትሺያት፣ በጨርቅም አትጥረጊያት፣ ፊቷንም በጣትሽ አትንኪ። ስትይዣት በጠርዟ ብቻ ያዢ፤ ከሥሯም ለስላሳ ጨርቅ አንጥፊ፣ ብትወድቅ እንዳትጎዳ። አባቴ አሮጌ ጌጥ አሽቶ አዲስ ሲያስመስል እያየሁ ነው ያደግሁት። ለጌጥ መልካም ነው፤ ለሳንቲም ግን ጥፋት ነው። የፕሩፍ ፊት አንድ ጊዜ ከታሸ ጸጉር በሚያካክሉ ጭረቶች ይሞላል፣ ያንን የሚመልስ እጅ የለም። የግብጹ ንጉሥ ፋሩክ ስንት ብርቅ ሳንቲም ነበራቸው፤ አያያዦቻቸው እየወለወሉ ብዙዎቹን አበላሹባቸው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ፕሩፍ ማለት የንጽሕና ደረጃ አይደለም፣ የአሠራር ስም ነው። ማተሚያው ብረት አስቀድሞ ይወለወላል፣ ጥፍጥፉ ወርቅም ይወለወላል፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ከአንድ ጊዜ በላይ ይመታል። ለገበያ የሚውለው ሳንቲም ግን በፈጣን ማሽን አንድ ጊዜ ተመትቶ ከሌሎች ጋር ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። ችግሩ ያንቺ ሳንቲም ዘመን ነው። በ1887 የፊላደልፊያው የመንግሥት ሳንቲም ማተሚያ ቤት ለገበያ የመታው ባለ 1 ዶላር 7,500 ብቻ ነበር፤ ፕሩፎቹ ከአንድ ሺህ ጥቂት ይበልጣሉ። ለገበያ የሚመታው ትንሽ ስለሆነ የማተሚያው ብረት ውልውሉ ሳይጠፋ ሥራው ያልቃል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ተራ ሳንቲሞችም እንደ መስታወት ያበራሉ፣ ስንቱን ሰብሳቢም አሳስተዋል። በእርሳስ የተጻፈውን ቃል ለጊዜው እርሺው።

ባለ አሥር እጥፍ ማጉያ መነጽር ገዝተሽ አንድ መብራት ሥር እነዚህን ተመልከቺ። መስታወቱ በፊደላቱ መካከልና በጉንጉኑ ቅጠሎች ሥርቻ ውስጥ ይገባል ወይስ እዚያ ሲደርስ ይደበዝዛል? በፕሩፍ ላይ እስከ ሥርቻው ይዘልቃል። የጠርዙ ከንፈር ቀጥ ብሎ እንደ ሣጥን ማዕዘን የተቆረጠ ነው ወይስ ክብ ያለ? የሴትየዋ ጸጉርና የላባዎቹ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ወጥተዋል? ደግሞ ባዶውን ሜዳ ሰያፍ አድርገሽ እዪው፤ በብዙ የወርቅ ፕሩፎች ላይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያለ ረቂቅ ሞገድ ይታያል። በመጨረሻም ከሴትየዋ አንገት አጠገብ የጉንጉኑ ጥላ የሚመስል ደብዛዛ መስመር ካለ ንገሪኝ። እንዲህ ያለ ጥላ የሚፈጠረው ሁለቱ ማተሚያዎች መካከላቸው ወርቅ ሳይኖር ሲጋጩ ነው፤ በጥንቃቄ በተያዘ የፕሩፍ ማተሚያ ላይ እምብዛም አያጋጥምም።

አባ ጠገራ
ልጄ ትርንጎ፣ እኔ የምሰበስበው የማርያ ትሬዛን ጠገራ ብር ነው፤ ስለ አሜሪካ ወርቅ ግን ብዙ አንብቤያለሁ። ስለ መውረስ የሰማሽው የቆየ ወሬ ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሚያዝያ 1933 ሰው ወርቁን እንዲያስረክብ አዝዘው ነበር፤ ትእዛዙ ራሱ ግን ለሰብሳቢዎች ልዩ ዋጋ ያላቸውን ብርቅ ሳንቲሞች አይነካም ነበር። ከ1974 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ማንም ወርቅ መያዝ ይችላል።

መምህሩ ከ1834 በፊት የተመታ ፕሩፍ ያልቀናቸው ሰንፈው አይደለም። ከ1834 በፊት በአሜሪካ ሳንቲም ውስጥ ያለው ወርቅ ሳንቲሙ ላይ ከተጻፈው ዋጋ በልጦ ነበር። ነጋዴው እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ይልከዋል፣ እዚያም ይቀልጣል። በ1834 የወጣው ሕግ ባለ 5 ዶላሩን ከ8.75 ግራም ወደ 8.36 ግራም ያወረደው ለዚህ ነው። ተራው ሳንቲም እንዲያ ካለቀ፣ ለእንግዳና ለወዳጅ ብቻ ይመታ የነበረው ፕሩፍ ምን ያህል ሊተርፍ እንደሚችል ገምቺ። ለአንድ ዓመት ሁለት ሦስት ከተገኘ ብዙ ነው፤ ከእነዚያም አንዳንዱ ሙዚየም ገብቶ ቀርቷል።

ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ የ1804ቱ ባለ 10 ዶላር ታሪክ ነው። የእኛ ጠገራ መቼም ይመታ መቼ "1780" እንደሚል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህም እንደዚያው ነው። የአሜሪካ መልእክተኛ ኤድመንድ ሮበርትስ ለሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ንጉሥና ለሙስካት (ኦማን) ሱልጣን ስጦታ ይዘው ሊሄዱ ሲሉ፣ ባለ 10 ዶላር ከተመታ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር። ማተሚያ ቤቱ በ1834 በጣት የሚቆጠሩ ፕሩፎችን ባለ 10 ዶላር መጨረሻ በተመታበት ዓመት፣ በ1804፣ ስም መታ። የሚለየው በ"4"ቷ ነው፦ የቀድሞዋ አራት በአግድም መስመሯ ጫፍ ላይ ትንሽ ሰረዝ አላት፣ የስጦታዋ የላትም። በዚህች ሰረዝ ብዙ ሌሊት አድሬያለሁ።

በደመወዝ መሰብሰብ ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ጆን ጄይ ፒትማን የሚባሉ ኮዳክ በተባለው የፎቶ ፊልም ኩባንያ ደመወዝተኛ የኬሚካል መሐንዲስ ነበሩ። በ1954 የፋሩክ ስብስብ ካይሮ ላይ በጨረታ ሲሸጥ ቤታቸውን አስይዘው ተበድረው ሄዱ። ካረፉ በኋላ ስብስባቸው ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ዛሬ ግን ያ በር ተዘግቷል፤ የዚያን ዘመን ፕሩፍ በደመወዝ እገዛለሁ ብለሽ ራስሽን አታድክሚ። ማየት ከሆነ ምኞትሽ ቅርብሽ ነው። ማተሚያ ቤቱ ከ1838 ጀምሮ ያጠራቀመው ስብስብ በ1923 ወደ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተዛውሯል፤ ዋሽንግተን ነው ያለው።

ሰናይት ዘቨርጂኒያ
እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ስለ ወረቀቱ ልናገር። ሜሪላንድ ዘመድ ላልሆነ ወራሽ 10 ከመቶ የውርስ ግብር አላት፤ የደረሰሽ ንብረት በጠቅላላው ከ1,000 ዶላር ካልበለጠ ግን ነጻ ነሽ። ኑዛዜ አስፈጻሚውን ግብሩ ተከፍሎ እንደሆነ ጠይቂ፣ የኑዛዜውንም ቅጂ ተቀበይ። ሳንቲሟ መምህሩ ባረፉበት ቀን የነበራትን ዋጋ በጽሑፍ አስገምቺ፤ ወደፊት ብትሸጫት ትርፍሽ የሚቆጠረው ከዚያ ዋጋ ተነሥቶ ነው። ለስብስብ ዕቃዎች የፌዴራሉ ግብር እስከ 28 ከመቶ ስለሚደርስ ያቺ ወረቀት ትጠቅምሻለች።

ትርንጎ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መነጽሩን ገዝቼ ትናንት ማታ አየኋት። መስታወቱ በሜዳው ላይ ጥርት ያለ ነው፤ በቅጠሎቹ መካከል ሲደርስ ግን ይደበዝዛል። ከአንገቷ ፊት ለፊትም ጠመዝማዛ ደብዛዛ መስመር አለ። ብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ነገር አላየሁም። ከንፈሩን በደንብ መለየት አልቻልኩም።

የአንጥረኛው ልጅ
እኅቴ፣ እንደ ነገርሽኝ ከሆነ ፕሩፍ አትመስለኝም፤ መልካም ሆና የተጠበቀች ተራ ሳንቲም ናት። ቢሆንም በቃላት ብቻ አልፈርድም። ሳንቲም መርምረው ደረጃ ከሚሰጡት ድርጅቶች በፒሲጂኤስ (PCGS) ወይም በኤንጂሲ (NGC) አስመርምሪያት፤ እውነተኛነቷንም፣ ደረጃዋንም ይነግሩሻል፣ አሽገውም ይመልሱልሻል። ወደዚያ ከመላክሽ በፊት ግን በአካባቢሽ የሳንቲም ትርኢት ሲኖር ይዘሻት ሂጂና ሁለት ሦስት ነጋዴ ሳትሸጪ አሳዪ። ያቺንም ፖስታ እንዳትጥያት፣ የማን እንደነበረች ትናገራለች።

ትርንጎ
ፖስታዋንማ እንዴት እጥላለሁ፣ የእጃቸው ጽሑፍ ነው። ሳንቲሟን አልሸጣትም። ቅዳሜ ከሥራ ነጻ ነኝ፤ ስሚዝሶኒያን ሄጄ ሲያወሩልኝ የነበሩትን አያለሁ።