ይህ ሜፕል ፓልማተም ነው ወይስ ዲቃላ?

የሜፕል ነገር የሚገባችሁ፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ። ስም ያልተለጠፈበት የጃፓን ሜፕል (ለውበት የሚተከል ዛፍ) አለኝ። በየትኛው ዝርያ ሥር እንደምመድበው ግራ ገብቶኛል።

ቅጠሉ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 9 ጣት አለው። አሰር ፓልማተም (“አሰር” የሜፕሎች ሁሉ የሳይንስ የወል ስም ነው፤ ተከታዩ ቃል ዝርያውን ይለያል) በብዛት ከ5 እስከ 7 ነው፤ 9ም ያጋጥማል። አሰር ጃፖኒከምና አሰር ሺራሳዋነም ግን 9 እና 11 መያዛቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ቆጠራው ብቻውን መፍትሔ አልሆነኝም። ጃፖኒከም ነው እንዳልል፣ የእሱ ለጋ ቅጠልና የቅጠል ዘንግ ፀጉራም ነው። የኔው ልሙጥ ነው። ፍሬው ደግሞ ክንፉን ይዞ ከቅጠሉ በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይሄ የሺራሳዋነም ጠባይ ነው። የጣቶቹ ቅርጽና ቀዩ ቀለም ግን ቁርጥ ፓልማተም!

ዲቃላ ይሆን? ፓልማተምና ሺራሳዋነም ይዳቀላሉ። ከዘር የበቀለ ከሆነ ደግሞ እናቱን ላይመስል ይችላል። ስም የወጣላቸው ዓይነቶች ቅርንጫፋቸው በሌላ ግንድ ላይ እየተጣበቀ የሚራቡትም ለዚህ ነው። ባለሙያዎችም ቢሆኑ ይሸወዳሉ፤ “አውረም” የሚባለው ቢጫ ሜፕል ጃፖኒከም ሲባል ኖሮ ነው ወደ ሺራሳዋነም የተዛወረው።

ያለ ዘረመል ምርመራ ዲቃላነቱን የሚያሳብቅ ምልክት አለ? አበባውን ልጠብቅ ወይስ ቅጠሉ ሲረግፍ እምቡጡን ልይ? እስከዚያው መለያው ላይ “አሰር” ብቻ ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል?