የበግ ሳንባ ውስጥ ያለን ባክቴሪያ በ3ዲ ለማየት፦ መሃሉ ለምን አይጠራም?

ጦሳ
ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ ቄራ በሚመጣ የታመመ የበግ ሳንባ ላይ ማንሄሚያ ሄሞሊቲካ (የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ) የት የት እንደሰፈረ በ3ዲ ማየት ፈልገን ነው። የምንሠራው እንዲህ ነው፦ 1 ሴ.ሜ ቁራጭ፣ 4% ፓራፎርማልዴሃይድ (ቲሹውን እንዳለ የሚያቆይ)፣ ኤታኖል (ውሃውን የሚያወጣ)፣ ከዚያ ኢቲል ሲናሜት (ቲሹውን ብርሃን አሳላፊ የሚያደርግ)። ጠርዙ ይጠራል፣ መሃሉ ግን ቡናማ ነው፤ ባክቴሪያውን ለይቶ እንዲይዝ የጨመርነው አንቲቦዲም ላይ ላዩን ብቻ ያበራል። ደሴ ያለን የቲቢ አክታ የሚታይበት ኤልኢዲ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ነው።

ቦርከና
ቡናማው ደም ነው። ኢቲል ሲናሜት ቀለም አያነሳም፤ ሥራው ውሃው የወጣለት ቲሹ ብርሃን እንዳይበትን ማድረግ ብቻ ነው። ደሙ ሳይረጋ በሳንባው ደም ቅዳ በኩል ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ያለበት ፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) ልቀቁበት፣ ጠርቶ እስኪወጣ። ፓራፎርማልዴሃይዱን በትንፋሽ ቧንቧው አስገቡት፤ አየር ከቀረ አረፋው ምስሉን ያበላሸዋል። የተረፈውን ቀለም 5% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በሜታኖል፣ 4 ዲግሪ ላይ አንድ ሌሊት። ይህ ከአንቲቦዲው በፊት ነው፤ አንቲቦዲያችሁ ሜታኖል ይችል እንደሆነ በስስ ቁራጭ ሞክሩት።

ነጭ ደመና ካያችሁ ደግሞ ውሃ ቀርቷል ማለት ነው። 96% የሚለው የኤታኖል ጠርሙስ የመጨረሻውን የ100% እርከን አይተካም። ኢቲል ሲናሜቱን ፍሪጅ አታስገቡት፣ ይረጋል፤ የፖሊስታይሪን ሳህንም ያሟሟል፣ ብርጭቆ ተጠቀሙ።

አዝዋ
1 ሴ.ሜ ለአንቲቦዲ ብዙ ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሚ.ሜ ቁረጡት። 0.5% ትራይተን (አንቲቦዲው ወደ ውስጥ እንዲገባ የሚያግዝ ሳሙና መሰል ነገር)፣ 37 ዲግሪ፣ ለእያንዳንዱ አንቲቦዲ (ባክቴሪያውን ለሚይዘው ለመጀመሪያው፣ በእሱ ላይ ለሚጣበቀው ባለቀለም ሁለተኛም) ከ5 እስከ 7 ቀን፣ በመካከል ሙሉ ቀን እጥበት። 0.02% ሶዲየም አዛይድ ካልጨመራችሁ በፈሳሹ ውስጥ ሌላ ባክቴሪያ ይራባና እሱን ስትቆጥሩ ትውላላችሁ። ሴሮታይፑንም (የባክቴሪያውን ንዑስ ዓይነት) እዩ፦ በግ ላይ የሚበዛው ኤ2 ነው፣ ለኤ1 የተሠራ አንቲቦዲ ላይይዘው ይችላል።

ማይክሮስኮፑን በተመለከተ፣ በሰማያዊ ብርሃን የሳንባው ኢላስቲን (ሳንባው እንዲለጠጥ የሚያደርገው ፕሮቲን) ራሱ አረንጓዴ ያበራል፣ ጥልቀቱም ይደባለቃል። አንዷን ቁራጭ በ488 (በሰማያዊ ብርሃን በሚበራ ቀለም) ቀብታችሁ ማቅለሙ መሥራቱን እዩባት፤ የቀሩትን በ647 (በቀይ ብርሃን በሚበራ ቀለም) ቀብታችሁ ላይት ሺት ወይም ኮንፎካል (ጥልቀቱን በንብርብር ለይቶ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ) ላለው ላኩ። ላይት ሺትም ቢሆን አንዷን ባክቴሪያ ለይቶ አያሳይም፣ የምታዩት ክምችቱን ነው። ጤነኛ ሳንባ፣ እንዲሁም የመጀመሪያው አንቲቦዲ ያልገባበት ቁራጭ አብረው ይሂዱ። የሚያጠራጥር ነጥብ ካለ ቁራጩን ወደ ኤታኖል መልሳችሁ ፓራፊን ውስጥ ቅበሩና ግራም ቀለም ቅቡት።

ጦሳ
አመሰግናለሁ። ሳንባውን በበረዶ ደሴ አምጥተን እዚህ ብናደርገውስ?

ቦርከና
አይሆንም። በረዶው መሃሉን እስኪያቀዘቅዘው ባክቴሪያው ይራባል፣ ቦታም ይቀይራል፤ ካርታው የሞተውን ሳንባ እንጂ በሽታውን አያሳይም። ፓራፎርማልዴሃይዱን ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ቄራው ድረስ ውሰዱት።